የአርበኞች የነሐስ ሐውልት ስታሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በደብረ ሲና፣ የሐውልት ኮሚቴ ሲቋቋም የመጀመሪያው ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥያቄ ያልቃል፦ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የክብር እንግዳው ማን ይሁን? ስለ ሐውልቱ የሚወራው ቆይቶ ነው። ሰሜን ሸዋ ለአርበኞቿ መታሰቢያ ብታቆም ማን ይቃወማል? እኔን የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው።

የምረቃውን ቀን አስቀድሞ መቁረጥ

«ለሚያዝያ 27 መድረስ አለበት» ይባልና ሥራው ሁሉ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይደለደላል። የነሐስ ሥራ ግን ደረጃው ብዙ ነው። ቀራጺው መጀመሪያ በጭቃ ይሠራል። ከጭቃው ላይ በጎማ ቅርጽ ይወሰዳል፤ በዚያ ውስጥ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሰም ይለበጣል። ሰሙ እሳት በሚችል ቅርፊት ይሸፈንና ቀልጦ እንዲወጣ ይደረጋል፤ በባዶው ቦታ ወደ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ነሐስ ይፈስሳል። ሰው የሚያክል ሐውልት ደግሞ በአንድ ጊዜ አይፈስስም። እጁ፣ ደረቱ፣ እግሩ ለየብቻ ወጥቶ ይበየዳል፤ የብየዳው ጠባሳ እስኪጠፋ ይሞረዳል፤ በመጨረሻ በእሳትና በኬሚካል ቀለም ይይዛል።

ጊዜ ሲያጥር ከእነዚህ ሁሉ የሚቀነሰው የጭቃው ደረጃ ነው። ኮሚቴው በስልክ የተላከ ፎቶግራፍ አይቶ «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» ይላል። የአርበኛው ፊት ከማንም ጋር እንደማይመሳሰል የሚታወቀው መጋረጃው ሲገለጥ ነው፤ ያኔ ማረም ማለት መቁረጥና እንደገና መበየድ ይሆናል። ጭቃ ላይ ቢሆን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ውላችሁ ላይ የጭቃው ርክክብ የራሱ ቀን ይኑረው፤ ሽማግሌዎችና የአርበኞች ቤተሰቦች በአካል ሄደው፣ ዙሪያውን ዞረው ሳይፈርሙ የማፍሰሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ሦስት ዘመን በአንድ ሰው ላይ መጫን

አንድ የጭቃ ንድፍ አይቻለሁ፤ ሰውየው በግራው የዓድዋ ጋሻ፣ በቀኙ ክላሽ፣ ራሱ ላይ የአንበሳ ጎፈር፣ እግሩ ላይ እስከ ቅልጥሙ የታሰረ ቡትስ ጫማ ነበረው። ክላሽ ተሠርቶ የሶቪየት ጦር የታጠቀው ጣሊያን ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ማንም አልጠየቀም፤ «ግርማ ሞገስ አለው» ተብሎ ታለፈ።

የማን መታሰቢያ እንደሆነ መጀመሪያ ወስኑ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመተው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በመንዝ፣ በቡልጋና በይፋት ዱር የገባው፣ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የተሻገረው፣ ሦስቱም የየራሳቸው ትጥቅና አለባበስ አላቸው። የአምስቱ ዓመት አርበኛ ውጅግራ ወይም ምንሽር ወይም አልቤን ጠመንጃ ይይዛል፤ ከጠላት የማረከውንም ሊይዝ ይችላል። ጥይት ውድ ስለነበረ ዝናሩ ሁልጊዜ ሙሉ አልነበረም። ጎፈሬው አድጓል፣ ቁምጣው አልቋል፣ ብዙው ባዶ እግሩን ነው። የቃኘው ወታደር ደግሞ በአሜሪካ ትጥቅና የብረት ቆብ ነው የተዋጋው። ሦስቱንም ማክበር ከፈለጋችሁ ሦስት ሰው ቅረጹ፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ሌሎቹን በቅርጽ ሰሌዳ አውጧቸው። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 መታሰቢያ ያየ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያምር ያውቃል፦ ድንጋዩ ቆሞ፣ የዩጎዝላቪያዎቹ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሠሯቸው የነሐስ ቅርጾች ናቸው ታሪኩን የሚናገሩት።

ሴቶቹንም ከጀርባ ማድ ቤት ውስጥ አታስቀምጧቸው። የሸዋረገድ ገድሌን ሥራ የሚያውቅ ሕዝብ ሴት አርበኛን እንስራ አሸክሞ ብቻ መቅረጹ ያሳፍራል።

ስሙን ከሐውልቱ ጋር አንድ ላይ ማፍሰስ

ትልቁ ጠብ ያለው እዚህ ነው። የራስ አበበ አረጋይን ወይም የኃይለ ማርያም ማሞን ስም ለመጻፍ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚነሳው አራተኛው ረድፍ ላይ ነው፤ የአንዱ አያት «መሐል ላይ ለጣሊያን ገብቶ ነበር» ይባላል፣ የሌላው የውስጥ አርበኛ ስለነበር ምስክር የለውም፣ የሦስተኛው ስም «ሃይለማርያም» ይሁን «ኃይለ ማርያም» ቤተሰቡ አልተስማማም። ዝርዝሩ በየወረዳውና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተለጥፎ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይቆይ። ስሞቹም በተናጠል ሰሌዳ ወጥተው በብሎን ይታሰሩ እንጂ ከመሠረቱ ጋር አንድ ላይ አይፍሰሱ። ባዶ ሰሌዳም ይቀመጥ፤ የሚረሳ ሰው መኖሩ አይቀርም።

ስማቸው ላልታወቀው ደግሞ ቦታ ይኑር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ ዘረት ዋሻ ውስጥ የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝና በጥይት የጨረሳቸው አርበኞች ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሴቶችና ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ። «ለጀግኖች አርበኞች» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን እነዚህን አያቅፍም።

ውሉ ላይ «ነሐስ» ብሎ ማለፍ

የነሐስ ቀለም የተቀባ ሲሚንቶና ፋይበር ግላስ ስንት ቦታ እንደቆመ ዘወር ብላችሁ እዩ። ውሉ የመዳቡንና የቆርቆሮውን መጠን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ ውስጡን የሚይዘው ብረት የማይዝግ መሆኑን ይጻፍ። ተራ ብረት ከነሐስ ጋር ሲነካካና እርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይበላል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ቡናማ ዝገት በአርበኛው እግር ላይ ይወርዳል። ሐውልቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከሥሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ውስጡ የተጠራቀመውን ውኃ አቀዝቅዞ ብየዳውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

መሠረቱን አፈሩን ሳያዩ መጣል

በመረሬ አፈር ላይ ቤት የሠራ የሸዋ ሰው ይህን ለማወቅ መሐንዲስ አያሻውም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። መረሬው እስከ ጠንካራው ድረስ ተቆፍሮ ይውጣ፣ በገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። ለመደቡ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይ ከውጭ ከሚመጣ እብነ በረድ ይልቅ ብርዱን ይችላል፣ ዋጋውም ይቀላል።

ማጽዳት መስሎ መላጥ

ለበዓል ሲባል በአሸዋና በሳሙና የሚፈተግ፣ ይባስ ብሎ ወርቃማ ቀለም የሚቀባ ነሐስ መከላከያ ቆዳውን ያጣል። የሚፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ መታጠብ፣ ከደረቀ በኋላም በስሱ ሰም መቀባት ነው። ይህን በበጋ፣ ፀሐይ ብረቱን ካሞቀችው በኋላ፣ እኩለ ቀን ግድም አድርጉት። ለዚህ ሥራ ሰውና ገንዘብ በዓመት በጀት ካልተያዘ ቁልፉን የያዘው ዘበኛ በራሱ ፈቃድ ቀለም ይገዛለታል። የሚያጥበው ሰው የብሎኖቹንም መጥበቅ እግረ መንገዱን ያረጋግጥ፤ የመዳብ ዋጋ በናረ ቁጥር ከሰሌዳዎቹ ጀምሮ እየተነቀለ ለቁራሌው የሚሸጥ አይጠፋም።