ፕላስቲኩን ስንሸሽ መድኃኒቱን እንዳናበላሽ

ፕላስቲክ ቢቀንስ ደስ ይለኛል። ግን ጅማ ነው ያለነው። ዝናቡ ረጅም ነው፤ አልጋ ሥር ያስቀመጡት ጫማ እንኳ ይሻግታል። የመድኃኒት ዕቃ ስንቀይር የምንሠራው ስህተትም ብዙውን ጊዜ ይህን እርጥበት ከመርሳት ይጀምራል።

አንደኛው፣ ወረቀት ለሁሉም ይሆናል ማለት። እናቴ አስፕሪኗን ከፕላስቲክ ብልቃጡ አውጥታ፣ በወረቀት ፖስታ ኮመዲኖ ውስጥ ከተተችው። ሐምሌ ላይ ስከፍተው አቼቶ አቼቶ ሸተተኝ። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ይፈርስና አሴቲክ አሲድ ይወጣዋል፤ አቼቶን አቼቶ ያሰኘው እሱ ነው። እንዲህ የሸተተ ክኒን አይዋጥም። ፖስታ ለሦስት ቀን መድኃኒት ይበቃ ይሆናል፤ ለሁለት ወር ግን አላምነውም።

ሁለተኛው ስትሪፑን፣ ማለትም ክኒኖቹ ፍሬ በፍሬ የታሸጉበትን ማሸጊያ፣ ማራቆት ነው። ለእኛ አየር ከብልቃጥ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት ስትሪፕ ነው፣ በተለይ በሁለቱም በኩል አሉሚኒየም የሆነው። (አብዛኛው ስትሪፕ አንዱ ጎኑ ፕላስቲክ መሆኑን ግን አልክድም።) እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ስለታሸገ አንዱን ሲያወጡ ሌላውን እርጥበት አያገኘውም። እኛ ግን «ቦታ እንዳይዝ» ብለን ሁሉንም ፈልፍለን እንቀላቅላለን። የመድኃኒቱ ስምና ማብቂያ ቀኑ አብረው ቆሻሻ ውስጥ ይገባሉ። የወባውን ኳርተም አስቡት። የአዋቂው 24 ፍሬ ነው፤ አራት አራት እየሆነ በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል። አወሳሰዱ ማሸጊያው ላይ በሥዕል ስላለ ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ይከተለዋል። ፈልፍለን ስንሰጠው በምን ያስታውስ?

ከዚያ ጠርሙስ አለ። «ጠርሙስ ንጹህ ነው» ይባልና ሽሮፑ ወደ ማር ጠርሙስ ይገለበጣል። ቡናማው የመድኃኒት ጠርሙስ እኮ ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ብርሃን የሚጎዳቸውን መድኃኒቶች ይጋርዳል። ነጩ አይጋርድም። ለልብ ሕመም ምላስ ሥር የምትደረገው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ደግሞ ከመጣችበት ጠርሙስ ፈጽሞ አትውጣ። ትተናለች፣ ፕላስቲክም ይመጥጣታል።

ሽሮፕ በሃይላንድ የሚያስቀምጡ ሰዎችም አሉ። ልጅ ለስላሳ መስሎት ይጠጣዋል። ሌላ ምን እላለሁ?

ብልቃጥ ውስጥ የምትገኘውን ትንሽ ከረጢትም አትጣሏት። እርጥበት የምትመጠው እሷ ናት። አትበላም፣ ግን እዚያው ትቀመጥ።

እናቴ አሁን ዕቃ ከመቀየሯ በፊት ፋርማሲ ሄዳ «ይሄ ከዕቃው ቢወጣ ይበላሻል?» ብላ ትጠይቃለች። አስፕሪኗን በስትሪፕ ነው የምትገዛው። ያ የድሮው ብልቃጥ ደግሞ የመርፌና የቁልፍ ማስቀመጫ ሆኗል።