አልጋ ስትይዙ የጠዋቱን 12 ሰዓት ጠይቁ

እኔ ቡራዩ ነው የምኖረው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግማሽ ቀን የአንድ አበባ እርሻ ሒሳብ እሠራለሁ። የተረፈው ጊዜ የወፍ ነው። ባለቤቴ ቢኖኩላሩን፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን፣ አንገቴ ላይ ባየ ቁጥር «ዛሬስ ስንት ልትቆጥሪ ነው?» ይለኛል። ልጆቹም ከእሱ ለምደው ያሾፉብኛል። ያሹፉ። ሰሞኑን ግን የሥራ ባልደረቦቼ ተራ በተራ እየመጡ ባሌ ስላለው ሐረና ጫካ ይጠይቁኝ ጀመር። የት እንደር? ስንት ቀን ይበቃል? ለያንዳንዱ በምሳ ሰዓት ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ለወፍ የሚሄድ ሰው ሎጅ የሚመርጠው በፎቶ አይደለም። በኮከብም አይደለም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከአልጋ ተነስቼ በስንት ደቂቃ ዛፍ ሥር እቆማለሁ? ጥያቄው ይሄ ነው። ሙቅ ውሃው፣ ዋይፋዩ፣ የክትፎው ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይሄን የተማርኩት ገንዘቤን ከፍዬ ነው። መጀመሪያ የያዝኩት ሎጅ ፎቶው ልብ የሚያጠፋ ነበር። የሣር ክዳን ጎጆ፣ የድንጋይ ምድጃ፣ ከበስተጀርባው ጭጋግ የለበሰ ጫካ። ስሙን አልጠራም። ከእህቴ ልጅ ጋር አርብ ማታ ገባን። ለካ ግቢው ውስጥ መልስ አለ። ዲጄው እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አላስተኛንም። ቢሆንም 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተን፣ ጃኬት ደራርበን በሩ ጋ ደረስን። ተቆልፏል። ጥበቃው ከነጋቢው ብቅ አለና «ቁልፉ ማናጀሩ ጋ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ማናጀሩስ? «ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይመጣል።» ከአጥሩ ማዶ ቱራኮ የሚባሉት አረንጓዴ የጫካ ወፎች ያንን ሻካራ፣ እንደ ሽማግሌ ሳል የመሰለ ድምፃቸውን እየተቀባበሉ ነበር። እኛ አጥር ተደግፈን ሰማን። ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍና የተከረከመ ሣር ነው። አንድ ቁራ መጣ። ቁራማ ቡራዩም ሞልቷል።

ከዚያ ወዲህ ሳልደውል አልይዝም። ፎቶ ላኩልኝ ማለቱን ትቼ በቀጥታ እጠይቃለሁ። ባለፈው ከደወልኩላት ልጅ ጋር እንዲህ ተባባልን፦

«እህቴ፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ነው?»

«ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነው፣ እናቴ።»

«እኛ 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን። ማታውኑ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ በፔርሙስ ሻይ ታዘጋጁልናላችሁ?»

ዝም አለች። ከዚያ «ምግብ የምትሠራዋን ልጠይቃት» አለችኝ። ጠይቃ መልሳ ደወለች። እዚያው ያዝኩ። መልሳ የምትደውል ልጅ ያለችበት ቤት በሩንም በሰዓቱ ያስከፍታል።

ሌላ የምጠይቀው ጄኔሬተር ነው። መብራት ሲጠፋ ያስነሳሉ? ከጎጆው ምን ያህል ይርቃል? ስንት ሰዓት ይጠፋል? ጫካ ውስጥ ሌሊት ጉጉት መስማት የፈለገ ሰው የጄኔሬተር ድምፅ ሲሰማ አድሮ ቢነጋበት ያንገበግባል። ቀጥሎ ግቢው ውስጥ ያለው ዛፍ ምንድን ነው? እላለሁ። ጽድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ዋንዛ ካሉኝ ደስ ይለኛል። የአገር ዛፍ ፍሬና ትል አለው፣ ወፍ ይጠራል። ባሕር ዛፍ ብቻ ከሆነ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። በዚያ ቅዳሜና እሁድ ሠርግ ወይም ስብሰባ መኖር አለመኖሩንም ጠይቁ፤ አያፍሩም፣ ይነግሯችኋል። ሲዘንብ መኪና እስከ ግቢው ይገባል ወይ የሚለውም አለ። የጾም ወቅት ከሆነ ደግሞ የጾም ምግብ። ጫካ መሐል ሽሮ የለም መባል ያለ ነው፣ ደርሶብኛል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሩቅ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጠዋት አባክኑ። ቢኖኩላር አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ሐረና ላይ መማር ውድ ነው። 8 በ42 የሚባለው ይበቃል። ስምንቱ ማጉያው ነው፣ 42ቱ የፊት መስተዋቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ለጨለማ ጫካ የፊቱ መስተዋት ሰፊ መሆኑ ማጉያው ከመብዛቱ ይሻላል። የበለጠ የሚያጎላ ልግዛ ብላችሁ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥበት አትግዙ።

ከኛ ሰፈር በአምቦ መንገድ ትንሽ ወጣ ሲባል ገፈርሳ አለ። የከተማው መጠጥ ውሃ የሚጠራቀምበት ስለሆነ ጥበቃ አለ። መጀመሪያ ሰላም በሉ፣ ምን ልትሠሩ እንደመጣችሁ ንገሩ፣ ግድቡን ፎቶ አታንሱ። ቢኖኩላር በኛ አገር ሰው ያስደነግጣል። እኔ መነጽሬን መጀመሪያ ለጥበቃው ነው የማቀብለው። «እዩበት እስቲ» እላለሁ። ካዩ በኋላ ወፉን የሚያሳዩኝ እነሱ ናቸው።

ገፈርሳ ላይ ሰማያዊ ክንፍ ያላትን ዝይ ፈልጉ። የኢትዮጵያ ብቻ ናት። ስትቆም ግራጫ ቡኒ ነገር ናት፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ሰብስባ ብርድ እንደመታው ሰው ትሆናለች። ሰማያዊው የሚታየው ስትበር ነው። ረግረጉ ዳር ደግሞ ሩዤ ሬይል የሚሏት አለች፣ ዶሮ ጫጩት አድጋ እግሯ የረዘመ ትመስላለች። ቀይ ቡኒ ናት። በሄደች ቁጥር ጭራዋን ሽቅብ ትመታለች፣ ከሥሩ ነጩ ብልጭ ይላል። ሌሎች አገሮች የዚህች ዘመዶች ሸምበቆ ውስጥ ተደብቀው ሰው ሲያሰለቹ ይውላሉ አሉ። የኛዋ አታፍርም። አንድ ጠዋት ከጫማዬ ሦስት እርምጃ ላይ ትል ስትጎትት አይቻታለሁ። ትሉ ተበጠሰ፣ ወደኋላ ተንገዳገደች፣ ዙሪያዋን ቃኘች፣ የቀረውን ልታወጣ ተመለሰች።

ሁለተኛው ልምምድ የመናገሻ ሱባ ጫካ ነው፣ በወጨጫ ተራራ ላይ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ጫካ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ወፍ ዋሻ! ስሙን ስሰማ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ሱባ ላይ የምትማሩት መቀመጥን ነው። አዲስ ሰው ጫካ ሲገባ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ምንም አያይም፣ አንገቱን ያመዋል፣ ተናዶ ይመለሳል። ፍሬ የያዘ ጽድ ፈልጉና ከፊቱ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ቱራኮ ለፍሬው ይመጣል። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ሲሮጥ ታዩታላችሁ፣ አረንጓዴ ስለሆነ ከቅጠሉ አይለይም። ሲበር ግን ክንፉ ውስጥ ያለው ቀይ እንደ እሳት ቦግ ይላል። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለበት። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው?» አለችኝ። የነጋዴ ልጅ።

እዚያው ጉሬዛም ድኩላም ይገጥማችኋል። ሳማ ደግሞ በደንብ ይገጥማችኋል። ረጅም ሱሪ፣ ካልሲው ሱሪው ላይ። የወታደር ሬንጀር የሚመስል ልብስ ግን በፍጹም አትልበሱ፣ ኬላ ላይ ራሳችሁን ማስረዳት ትጀምራላችሁ።

ሱባ የደመና ጫካ አይደለም። ሐረና ግን ነው። በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ቁልቁለት ላይ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የመጣ እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ሆኖ ዛፉ ላይ ይቀመጣል። ዝናብ ባይዘንብም ዛፉ ይንጠባጠባል። ግንዱ ሁሉ ሽበት ያወጣ ይመስላል። ወደ ታች ሲወረድ ጫካ በቀል ቡና አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ሌላው አማራጭ ከፋ ነው፣ ቦንጋ አድሮ። እሱም ግሩም ነው፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን እኔ ባሌን እመርጣለሁ፤ መንገድ ላይ ደጋውንም ስለምታዩ።

እዚህ ላይ ነው የአልጋው ነገር የሚለየው። ብዙ ሰው ጎባ ከተማ ላይ ያድራል። ሆቴል አለ፣ ሙቅ ውሃ አለ፣ ዋጋውም ይቀላል። ግን በጎባና በሐረና መሐል 4,000 ሜትር ላይ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ አለ። በየጠዋቱ ያንን ወጥታችሁ ወርዳችሁ ጫካው ጋ ስትደርሱ ወፉ ቁርሱን በልቶ ጨርሷል። በጨለማ እንነዳለን ብትሉ መንገዱ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ለእሱም ለእናንተም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሐረና ውስጥ ወይም ጥጉ ላይ ሁለት ሌሊት እደሩ፤ ሎጅ ካላገኛችሁ በድንኳን። ሁለት ያልኩት አንዱን ጠዋት ጭጋጉ እንደሚበላው አስቤ ነው። ጭጋግ ሲሆን ተስፋ አትቁረጡ፣ ወደ ጫካው ውስጥም አትግቡ። ዛፎቹ የተራራቁበት ቦታ ቁሙና ጠብቁ። ጭጋጉ ሲገለጥ ትናንሾቹ ወፎች በአንድ ጊዜ፣ የተለያየ ዓይነት ሆነው፣ በመንጋ ይመጣሉ። አሥር ደቂቃ ነው። ከዚያ ጸጥ።

አምስት ቀን ይበቃል። የመጀመሪያው ቀን የመኪና ነው፤ በአሰላ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዲንሾ ማደር። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፣ መግቢያ የሚከፈለውም እዚያው። ደረሰኙን አትጣሉ። አስጎብኚም ከዚያው ከአካባቢው ልጆች ያዙ። ወፏ የምትፈለፍልበትን ዛፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዲንሾ ማደሩ ለከፍታውም ይጠቅማል፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ ሳነቴ የወጣ ሰው ራስ ምታቱ ወፍ አያሳየውም። በማግስቱ ሳነቴን ቀስ ብሎ አቋርጦ፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለውን የ4,377 ሜትር ጫፍ በቀኝ በግራ እያዩ ወደ ሐረና መውረድ። ነዳጅ ጎባ ላይ ሙሉ። ሁለት ሌሊት ሐረና። አራተኛውን ሌሊት ተመልሶ ዲንሾ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው ያለ ሰው በስልክ ጠይቁ፣ በሰሚ ሰሚ አትሂዱ።

ወቅቱ? ከኅዳር እስከ የካቲት። ክረምቱ ወጥቷል፣ ከአውሮፓ የመጡት እንግዳ ወፎችም አሉ። ሐረና ላይ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚመለስ የፋሲካን ዕረፍት አላምነውም።

ዕቃ ላይ አልረዝምም። ጋቢ ያዙ፣ ቢኖኩላሩን ግን ጋቢ ውስጥ አትሸጉጡት። ሙቀትና ትንፋሽ መስተዋቱን ያደበዝዘዋል፣ ወፏ ስትመጣ ጭጋጉ የራሳችሁ ይሆናል። ንጹህ የጥጥ ጨርቅ ያዙ። ስልካችሁ ላይ መርሊን የተባለውን ነፃ አፕ ከቤት ሳትወጡ ጫኑ፣ የኢትዮጵያን ወፎችም አውርዱ፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። የተቀዳ የወፍ ድምፅ እያጫወቱ ወፍ መጥራት የሚወዱ አሉ። እኔ አልወደውም። ጎጆ የሠራች ወፍ ሌላ ወፍ የመጣባት መስሏት እንቁላሏን ትታ ጠላት ፍለጋ ትወጣለች።

አምስተኛውን ጠዋት ባዶ ተዉት። ሻንጣ ማታውኑ ሸክፉና ዲንሾ ላይ፣ ከማደሪያው ደጅ፣ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ካትበርድ የሚሏት የኛው አገር ወፍ አለች፣ ግራጫ፣ ሲያዩዋት ተራ። ስትዘፍን ግን ሌላ ነገር ናት። ባለፈው ዓመት ሁለቱ፣ ወንዱና ሴቷ፣ ኮሶ ላይ ሆነው አንዱ ሲያነሳ አንዱ ሲቀበል ቡናዬ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ ልትቀዳ ስትል ሹፌራችን «እንሂድ እንጂ፣ ይመሽብናል» ብሎ ክላክሱን ነፋው። ዝም አሉ። ለሹፌሩም ማታውኑ ንገሩት።