የቀይ መስቀል ክበብ ልጆችን ለጥያቄና መልስ ውድድር ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ክበባችሁ ባለፈው ዓመት ምን ሠራ?»

ጠያቂው ይህን ሲል መድረክ ላይ የተቀመጡት አራት ልጆቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የቀይ መስቀልን ሰባት መርሆዎች እንደ ውዳሴ ማርያም የሚያንበለብሉ ልጆች ናቸው። የንቅናቄው ጠንሳሽ ሄንሪ ዱናንት መቼ ተወለደ ቢባሉ ቀኑን ከነወሩ ይናገራሉ። ከአራቱ ሁለቱ ደግሞ በዚያው ዓመት በባዶ እግራቸው ጭቃ ረግጠው የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ቤት የመረጉ ናቸው። ግን ያ ሥራ የክበብ ሥራ ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ መልስም እንደሚሆን የነገራቸው አልነበረም። ሰዓቱ አለቀ፤ ነጥቡ ለሌላው ቡድን ሄደ። ያስጠናኋቸው እኔ ስለነበርኩ ጥፋቱም የኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባስተማርኩባቸው ቦታዎች ብዙ የቀይ መስቀል ወጣቶች ክበብ ልጆችን አዘጋጅቻለሁ፤ የሌሎች መምህራንንም አዘገጃጀት አይቻለሁ። ስህተቶቻችን ይመሳሰላሉ። እንደኔ የክበብ ተጠሪ ሆናችሁ ለምትደክሙ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

ከጄኔቫ ጀምሮ እዚያው ጄኔቫ መቅረት

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ከላይ የነገርኳችሁ ነው። ልጆቹ ጄኔቫ ላይ የተጀመረውን የድርጅቱን ታሪክ ያጠናሉ፣ የራሳቸውን ክበብ ግን አያውቁትም። ክበቡ በትምህርት ቤቱ መቼ ተቋቋመ? በስንት አባላት ተጀመረ? ሊቀመንበሩና ጸሐፊዋ እንዴት ይመረጣሉ? የአባልነት መዋጮው ምን ላይ ይውላል? እነዚህን የሚመልስ መጽሐፍ የትም አይገኝም፤ መልሱ ያለው ቃለ ጉባኤው ውስጥና ቀድመው በነበሩ አባላት ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱን የምጀምረው መዝገቡን በማውጣት ነው። ልጆቹ ራሳቸው ያነቡታል፣ የጎደለውን የቀድሞ አባላትንና አንጋፋ መምህራንን ጠይቀው ይሞላሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጥያቄ አውጥተው ይመጣሉ። ጥያቄውን ያወጣ ልጅ መልሱን አይረሳውም። መለማመጃውን ደግሞ በእንቆቅልሽ ወግ እናደርገዋለን። አንዱ «እንቆቅልህ?» ይላል፣ ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፣ መልሱ የጠፋው አገር ይሰጣል። «ቢቸናን ሰጠሁህ»፣ «ሞጣን ውሰድ» ሲባባሉ የማይናገረው ልጅ ሳይቀር አፉን ይከፍታል። እሳት ዳር ያደጉበት ነገር ስለሆነ ማስተማር አያስፈልገኝም።

የእኛንና የፈረንጁን ዘመን ማምታታት

ይህ ስህተት ያወቀውን ልጅ ያላወቀ ስለሚያስመስለው በጣም ያሳዝነኛል። አንድ ጊዜ «የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቼ ተመሠረተ?» ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪው «1935» ብሎ መለሰ። ዳኛው ወረቀት ላይ የተጻፈው 1927 ነበር። ሁለቱም ልክ ናቸው። ማኅበሩ የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 8 ቀን 1935። የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ የገባው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነውና ማኅበሩ በተመሠረተ በሦስተኛው ወር ጦርነት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ልጁ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ያጣው «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ቃል ብቻ ነው።

ልጆቻችሁ ዓመት በጠሩ ቁጥር አቆጣጠሩን አብረው እንዲጠሩ አስለምዷቸው። ስምንት መቀነስ ብቻ እንደማይበቃም ንገሯቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ፣ ፈረንጆቹ አዲሱን ዓመታቸውን እስኪይዙ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ለቀይ መስቀል መጀመር ምክንያት የሆነው የሶልፌሪኖ ጦርነት በጁን 1859 የተደረገ ስለሆነ በእኛ 1851 ነው። ሰባቱ መርሆዎች ቪየና ላይ የታወጁት ግን ኦክቶበር 1965 ነውና በእኛ 1958 እንጂ 1957 አይደለም። ዱናንት ከፍሬደሪክ ፓሲ ጋር የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት የተካፈለበት ዲሴምበር 1901ም 1894 ላይ ይውላል። የዱናንት ልደት፣ ሜይ 8፣ የዓለም ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በእኛ ሚያዝያ 30 ነው። ቀኑን ሚያዝያ 30 ብላችሁ ብታስተምሯቸው ከፋሲካ ሰሞን ጋር አያይዘው ይይዙታል።

መርሆዎቹን ስም ብቻ ማስያዝ

ሰብዓዊነት፣ አለማዳላት፣ ገለልተኛነት፣ ነፃነት፣ በጎ ፈቃደኝነት፣ አንድነት፣ ዓለም አቀፋዊነት። ልጆቹ ይህን ሳይተነፍሱ ይሉታል። ጠያቂው «አለማዳላትና ገለልተኛነት በምን ይለያያሉ?» ሲላቸው ግን ጸጥ ይላሉ፣ ወይም «አንድ ናቸው» ይላሉ።

እኛ ያለነው የቅኔ አገር ላይ ነው። ዲማ ጊዮርጊስም ይሁን ዋሸራ፣ የቅኔ ተማሪ ቀን ቅኔ ሲቆጥር የዋለውን ማታ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ ሰሙን ሰምተው ብቻ አይለቁትም፤ ወርቁን ይጠይቁታል፣ ያርሙታል። እኛ ግን ሰሙን ተቀብለን «ጎበዝ» ብለን እናስቀምጣለን። ቃል መያዙ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሳይጠየቁ መተዋቸው ነው ክፉው።

ልዩነቱን የማስረዳው በትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ ነው። ክፍሎች ሲጋጠሙ የክበቡ ልጆች ሰደርያቸውን ለብሰው የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይዘው ዳር ይቆማሉ። ሁለት ተጫዋቾች ተጋጭተው ወደቁ እንበል። የራሳችሁ ክፍል ልጅ ጉልበቱ ተላጠ፣ የሌላው ክፍል ልጅ እግሩ ተሰበረ። መጀመሪያ ወደማን ትሮጣላችሁ? ወደተሰበረው። የምትመለከቱት ጉዳቱን እንጂ ልጁ የማን ወገን መሆኑን አይደለም፤ አለማዳላት ማለት ይህ ነው። አሁን ደግሞ ማንም ሳይጎዳ ጨዋታው እየሄደ ነው። ሰደርያውን ለብሳችሁ ለክፍላችሁ ትጨፍራላችሁ? አትጨፍሩም። ከጨፈራችሁ የዚያኛው ወገን ልጅ ሲወድቅ እጃችሁን ያምናል? ገለልተኛነት ይሄ ነው፤ በጠብም ሆነ በፖለቲካ፣ በዘር ወይም በሃይማኖት ክርክር ወገን አለመያዝ። ወገን የማይያዘው ሁሉም አምኖ እንዲያስጠጋችሁ ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይህን ከሰማች በኋላ «እንግዲያው አለማዳላት የእጅ ነው፣ ገለልተኛነት የአፍ ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስተምረው በሷ ቃል ነው።

«አንድነት» ላይም ተጠንቀቁ። ልጆቹ «መተባበር፣ መዋደድ» ብለው ይተረጉሙታል፤ ቃሉ እንዲያ ስለሚመስል አይፈረድባቸውም። መርሆው ግን በአንድ አገር ውስጥ አንድ ብቻ የቀይ መስቀል ወይም የቀይ ጨረቃ ማኅበር ይኖራል፣ እሱም ለሁሉም ክፍት ይሆናል፣ ሥራውም መላ አገሪቱን ያዳርሳል ነው የሚለው። «ነፃነት» ደግሞ ከመንግሥት መራቅ ማለት አይደለም። ማኅበሩ በሰብዓዊ ሥራ የመንግሥት ረዳት ነው፤ በመርሆዎቹ መሠረት መሥራት እንዲችል ግን ራሱን ችሎ ይወስናል።

አርማውን እንደ ጌጥ ማየት

በከተማችን ስንት ክሊኒክና መድኃኒት ቤት በሩ ላይ ቀይ መስቀል ሥሏል! ልጆቹ ይህን እያዩ ስላደጉ «የቀይ መስቀል አርማ ምንን ያመለክታል?» ሲባሉ «ሕክምና» ይላሉ። ስህተት ነው። አርማው በጦርነት ጊዜ የጦር ሠራዊት የሕክምና አገልግሎቶችን መጠበቂያ ነው፤ በሰላም ጊዜ ደግሞ ሰውዬው ወይም መኪናው የንቅናቄው አባል መሆኑን መግለጫ ነው። ማንም እንደፈለገ የሚሥለው ከሆነ በክፉ ቀን የሚያከብረው ይጠፋል። እኔ ልጆቹን ይዤ በከተማው እዞራለሁ፣ አርማው ያለቦታው የተሣለበትን ይቆጥራሉ። ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ የሳተ ልጅ አላጋጠመኝም።

እኛ ዘንድ የሚመጣው ሌላው መልስ «መስቀል ስለሆነ የክርስቲያን ምልክት ነው» የሚል ነው። እናቱ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች ልጅ ይህን ቢል አይገርምም። ግን አርማው የስዊዘርላንድ ባንዲራ ቀለሙ ተገልብጦ የተሠራ ነው፤ ነጩ ቀይ፣ ቀዩ ነጭ ሆኖ። የሃይማኖት ትርጉም የለውም። የኦቶማን ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1876 ቀይ ጨረቃን መጠቀም ጀመሩ፤ ቀይ ክሪስታል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጨመረ። ሦስቱም በክብር እኩል ናቸው።

የንቅናቄውን ሦስት አካላት አንድ ማድረግ

ይህ አጭር ነው፤ ካርድ ሠርታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1863 ጄኔቫ ላይ ተመሠረተ፣ ዋና ሥራው በጦርነትና በግጭት ጊዜ ነው። የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1919 ተመሠረተ፣ ብሔራዊ ማኅበራቱን ያስተባብራል፣ በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ ይረዳል። ብሔራዊ ማኅበራቱ ከ190 በላይ ናቸው፣ የእኛ አንዱ ነው። በጦርነት የተጎዱትን የሚጠብቀው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1864፣ ዛሬ የሚሠራባቸው አራቱ ስምምነቶች ደግሞ በ1949 ናቸው።

የመጀመሪያ እርዳታን በአፍ ብቻ ማስተማር

በወረቀት ላይ «ነስር ሲመጣ ምን ታደርጋለህ?» የሚለውን የመለሰ ልጅ፣ አጠገቡ ያለ ጓደኛው ሲነስረው ጭንቅላቱን ወደኋላ ቀና ሲያደርገው አይቻለሁ። ቤት ሲደረግ ያየው እንዲያ ነው፤ እጁ ያየውን ይከተላል። ትክክሉ ጎንበስ አድርጎ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል አሥር ደቂቃ ያህል ሳይለቁ መቆንጠጥ ነው። ቃጠሎም እንደዚያው ነው። ምጣድ ወይም የፈላ ውሃ ሲያቃጥል በየቤታችን ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ይቀባል። ልጆቹ ይህን እናቶቻቸው ሲያደርጉ አይተዋል። ቃጠሎውን ለሃያ ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ ምንም አለመቀባት፣ ውሃ የቋጠረውንም አለማፍረጥ እንደሚገባ እያደረጉ ካልተማሩ፣ ውድድሩን አሸንፈው እንኳ ቤት ሲገቡ ወደ ቅቤው ይመለሳሉ።

ለመለማመጃ ፋሻ የለንም አትበሉ። ባለፈው አንዲት ልጅ ነጠላዋን አውልቃ በሦስት ማዕዘን አጠፈችው። የጓደኛዋን ክንድ ደረቷ ላይ አስደግፋ ነጠላውን ከሥሩ አሳለፈች፣ ጫፎቹን አገናኝታ ቋጠረች። ቋጠሮውን ማጅራቷ ላይ ሳይሆን ከአንገቷ ጎን አሳረፈችው፤ አጥንት ላይ ካረፈ ይቆረቁራል። ከዚያ የጣቶቿን ጫፍ ወደ ውጭ አወጣች። «ለምን?» አልኳት። «ቢቀዘቅዙ ወይም ቢጠቁሩ እንዳይ፣ ከጠበቀባት እንዳላላው» አለች። ይህች ልጅ ማንኛውም ጠያቂ ፊት ብትቀርብ አልፈራላትም።

የአምቡላንሱን ነፃ ስልክ 907ም አትርሱባቸው። ጄኔቫን አውቆ 907ን የማያውቅ ልጅ አለ።

ፈጣኖቹን ብቻ መምረጥና ቅዳሜን ማሰልጠኛ ማድረግ

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳኋቸው አንድ ዓይነት ልጆችን ስለሚጎዱ ነው። እጁን ቶሎ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የከተማ ልጅ ነው። ከገጠር መጥተው፣ ሦስት አራት ሆነው ቤት ተከራይተው፣ በሶና ድርቆሽ እየተሰነቀላቸው የሚማሩት ዝም ይላሉ። ዝምታቸውን አለማወቅ አድርገን እናልፋቸዋለን። ከዚያ ልምምዱን ቅዳሜ እናደርገዋለን፤ ቅዳሜ ግን እነሱ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰብ የሚሄዱበት፣ ወይም ገበያ የወጣ አባታቸውን መንገድ ላይ የሚጠብቁበት ቀን ነው። «ለክበቡ ፍላጎት የላቸውም» ብለን ስማቸውን እንሰርዛለን። እኔም ሰርዤ አውቃለሁ። ያን ቤት የመረጉት ሁለቱ ልጆች እንኳ ቡድኑ ውስጥ የገቡት ሌሎች ልጆች ታመው በምትክ ነበር።

አሁን ልምምዱ ከክፍል በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቤቱ ሩቅ የሆነ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ሳይመሽባት እንድትሄድ ከግማሽ ሰዓት አላሳልፍም። ስንመርጥ ደግሞ ሁሉም አባል አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ አንዱ በጽሑፍ፣ አንዱ በቃል፣ አንዱ በተግባር።

ጥያቄውን ሳይጨርሱ መመለስ

«ከሚከተሉት ውስጥ መርሆ ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል «ያልሆነው» ሳይሰማ ደወል የሚመታ ልጅ ብዙ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በልምምድ ጊዜ ጥያቄውን ራሱ ደግሞ ሳይናገር መልስ አትቀበሉት። ቡድኑም አንድ ተናጋሪ ይምረጥ፣ ሌሎቹ በሹክሹክታ ለሱ ይንገሩት፤ ሁለት መልስ በአንድ ጊዜ ከወጣ ዳኛው የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው።

በዋዜማው አዲስ ጥያቄ አታምጡ። እኔ በዚያ ማታ ቶሎ እንዲተኙ እነግራቸዋለሁ፣ ጠዋት ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ሻይና ዳቦ አበላቸዋለሁ፤ ከተከራዩት ቤት ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡ እንዳሉ አውቃለሁና። በመንገድ ላይ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ክበባችን ዘንድሮ ምን ሠራ?» እየተቀባበሉ ይነግሩኛል፤ አንዱ የረሳውን ሌላው ይጨምራል፣ በሩ ላይ እስክንደርስም አይጨርሱትም።