በፎርማተርና በሊንተር አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን በቡድን ለሚሠሩ የሶፍትዌር ተማሪዎች፣ የብዙ ሰው ኮድ ወጥ መልክ እንዲይዝ የሚያደርጉ መሣሪያዎች፣ ማለትም ፎርማተርና ሊንተር፣ ብዙ ክርክር ያስቀራሉ። ያለ ጥንቃቄ ከተያዙ ግን ካስቀሩት ክርክር የባሰ ጣጣ ያመጣሉ።

ፎርማተርንና ሊንተርን እንደ አንድ መቁጠር በብዙ ጀማሪዎች ዘንድ የሚታይ ስህተት ነው። ለፓይተን የተሠራው ብላክም ሆነ በጃቫስክሪፕት ጸሐፊዎች ዘንድ የሚታወቀው ፕሪቲየር የሚያስተካክሉት የኮዱን መልክ፣ ማለትም ክፍተቱን፣ የመስመሩን አቆራረጥና የጥቅስ ምልክቱን ነው። የሊንተር ሥራ ግን፣ ስቲቨን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1978 በቤል ላብስ ለሲ ቋንቋ ካዘጋጀው ከሊንት ጀምሮ፣ አጠራጣሪ አጻጻፍን መጠቆም ነው፤ ያልተገለጸን ስም የሚያገኘው እርሱ ነው። ስለዚህ በፎርማተር ያለፈ ኮድ አምሯል እንጂ ተመርምሯል ማለት አይቻልም።

ከሁሉ የከፋው የመልክ ማስተካከያንና የአሠራር ለውጥን በአንድ ኮሚት፣ ማለትም ጊት በተባለው የኮድ ለውጥ መመዝገቢያ ላይ በአንድ ጊዜ በሚመዘገብ ለውጥ፣ መቀላቀል ነው። በቆየ ፕሮጀክት ላይ ፎርማተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራ እጅግ ብዙ መስመሮች ስለሚለወጡ፣ በመካከላቸው የገባችውን አንዲት የክፍያ ስሌት ለውጥ ኮዱን የሚገመግመው ባልደረባ በቀላሉ ያልፋታል፤ ከዚያም በኋላ እያንዳንዱን መስመር መጨረሻ የለወጠው ማን እንደሆነ የሚያሳየው የጊት ትእዛዝ፣ ጊት ብሌም፣ የተነኩትን መስመሮች ሁሉ ፎርማተሩን ባሠራው ሰው ስም ያሳያል። መፍትሔው በእጅ ያሉትን ቅርንጫፎች (ከዋናው ኮድ ገና ያልተቀላቀሉ ሥራዎችን) አስቀድሞ ማዋሃድ፣ ፎርማተሩን ብቻ አሠርቶ ለብቻው ኮሚት ማድረግ፣ የኮሚቱንም መለያ በፋይል መዝግቦ ጊት ብሌም እንዲዘለው ማዘዝ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከጊት 2.23 ጀምሮ ይቻላል።

የቨርዥን ልዩነትም ቀላል አይደለም። ብላክ የአጻጻፍ ደንቡን የሚያሻሽለው በየዓመቱ መጀመሪያ በሚያወጣው ቨርዥን በመሆኑ፣ አንዱ በግቢው ዋይፋይ አዲሱን አውርዶ፣ ሌላው ለእረፍት ሸዋ ሮቢት ወላጆቹ ዘንድ ሆኖ ዳታ ለመቆጠብ የአምናውን ይዞ ከቀጠለ፣ አንዱ ያስተካከለውን ፋይል ሌላው መልሶ ይቀይረዋል። ቁርጥ ያለው የቨርዥን ቁጥር በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ይስፈር። የመስመር ርዝመትም እንዲሁ ነው፤ ብላክ 88 ሆሄ ሲፈቅድ የፓይተን የአጻጻፍ መመሪያ የሆነው ፔፕ 8 የሚለው 79 ስለሆነ፣ ሊንተሩ በ79 ከቀረ ማስጠንቀቂያው አያባራም።

ማስጠንቀቂያን በጅምላ ማፈንም ሊቀር ይገባል። ማፈን ግድ ከሆነ የደንቡን መለያ፣ ለምሳሌ ራፍ በተባለው የፓይተን ሊንተር ጥቅም ላይ ላልዋለ ኢምፖርት ኤፍ401ን፣ ለይቶ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ በዚያው መስመር ላይ ነገ የሚፈጠር ሌላ ስህተትም አብሮ ይታፈናል።