የ2005ቱን ሬዚደንት ኢቭል 4 በኤችዲ ፕሮጀክት ሞድ እንዴት እንደገና መጫወት ይቻላል

ካፕኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ሬዚደንት ኢቭል 4ን ከባዶ ሠርቶ አውጥቶታል። ግሩም ጌም ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ስለሱ አይደለም። የ2005ቱን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ሊዮን ሽጉጡን ካነሣ አንዲት እርምጃ እንኳ የማይራመድበትን አሮጌውን ጌም መጫወት ለሚፈልግ ነው።

የአሮጌው ችግር ምስሉ ነው። ያኔ በትንሽ ቴሌቪዥን አይታወቅም ነበር። ዛሬ ትልቅ ስክሪን ላይ ሲከፈት ግድግዳው የተበጠበጠ ሊጥ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለኮምፒውተር የወጣው እትም አሻሽለነዋል ቢባልም ብዙው ነገር ብዥ እንዳለ ቀርቷል። አልበርት ማሪንና ክሪስ ሞራሌስ የተባሉ ሁለት የጌሙ አፍቃሪዎች በዚህ ተናደው ራሳቸው ሊያስተካክሉት ተነሡ። ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀባቸው። የተጠናቀቀው ሥራ፣ ኤችዲ ፕሮጀክት የሚባለው ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጭኑት ማሻሻያ)፣ የወጣው በየካቲት 2022 ነው፣ በፈረንጆቹ።

የሥራቸውን ዓይነት ለመረዳት ይህን ስሙ። የጌሙ በሮች፣ ድንጋዮችና ጣሪያዎች መጀመሪያም ከእውነተኛ ቦታ ፎቶ የተሠሩ ናቸው። ማሪን አዲስ ድንጋይ ከመፍጠር ይልቅ ስፔንና ዌልስ ድረስ ሄዶ ያንኑ ድንጋይ፣ ያንኑ በር ፈልጎ እንደገና ፎቶ አነሣ። ስለዚህ ሞዱን ጭናችሁ የምታዩት ያው የድሮው ግድግዳ ነው፤ አሁን ብቻ ስንጥቁ ይታያል። ጌሙን ሌላ ጌም አላደረጉትም። ለዚህ ነው የምወደው።

ወደ አሠራሩ እንግባ።

1. ትክክለኛውን እትም ያዙ

ሞዱ የሚሠራው ስቲም (የኮምፒውተር ጌሞች የሚሸጡበት የኢንተርኔት መደብር) ላይ ካለው የ2014 የኮምፒውተር እትም ጋር ነው። ስቲም ላይ አሁን ከስሙ አጠገብ 2005 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ከአዲሱ እንዳይምታታ። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው የኮምፒውተር እትም አይሆንም። እሱ ማውስ እንኳ አይቀበልም ነበር። ጌሙን መግዛት አለባችሁ፣ ሞዱ ግን ነፃ ነው። ሞዱን ልሽጥላችሁ የሚል ካለ እለፉት። ካልቸኮላችሁ የስቲምን ቅናሽ ጠብቁ፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል።

2. መጀመሪያ ያለ ሞድ ክፈቱት

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። ጌሙን ጫኑ፣ ክፈቱ፣ ትንሽ ተጫወቱ። ድምፁ፣ ጆይስቲኩ፣ ስክሪኑ ደህና መሆኑን አረጋግጡ። በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ ጥፋቱ የጌሙ ይሁን የሞዱ ለመለየት ይቀላችኋል።

3. ሞዱን አውርዱ

ከፕሮጀክቱ የራሱ ገጽ ብቻ። ፋይሉ ከባድ ነው፣ ከጌሙ ራሱ ይበልጣል። በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሙ፣ ሌሊት ለቃችሁት ተኙ። የታመቀው ፋይልና የተፈታው ለጊዜው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ 80 ጊጋባይት ያህል ባዶ ቦታ ቢኖራችሁ አትጨነቁም።

4. ቦታው ላይ አስቀምጡ

ስቲም ላይ የጌሙን ስም ቀኝ ክሊክ አድርጉ። ማኔጅ፣ ከዚያ ብራውዝ ሎካል ፋይልስ። የሚከፈተው ፎልደር ውስጥ ባዮ4 እና ቢን32 የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች አሉ። ቦታ ካላችሁ ሁለቱንም ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ከሞዱ ጋር የመጣውን መመሪያ ተከትላችሁ ጫኑ። በመጨረሻ የሞዱ ፋይሎች በእነዚሁ ፎልደሮች ውስጥ፣ በአሮጌዎቹ ቦታ መግባት አለባቸው። ባዮ4 ውስጥ ሌላ ባዮ4 ካያችሁ አንድ ደረጃ ወደ ውስጥ ገብታችኋል። ጌሙ ይከፈታል፣ ግን ምንም አይለወጥም።

5. ቴክስቸሩን ኤችዲ አድርጉ

የጌሙ ሴቲንግ ውስጥ ቴክስቸር (የግድግዳውና የዕቃው ገጽ ምስል) የሚል ምርጫ አለ፤ ኦሪጅናል ወይም ኤችዲ። ሞዱ የሚተካው የኤችዲዎቹን ምስሎች ነው። ኦሪጅናል ላይ ከተዋችሁት ያ ሁሉ ማውረድ ለከንቱ ነው። ለማረጋገጥ ጌሙ ሲጀምር የምትገቡበት የመጀመሪያው ቤት በር ጋ ቁሙና የእንጨቱን ጭረት እዩ። ጥርት ብሎ ከታየ ጨርሳችኋል።

6. ኤፍ1ን ተጫኑ

ከሞዱ ጋር አርኢ4 ትዊክስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አብሮ ይመጣል። ጌሙ ውስጥ ሆናችሁ ኤፍ1 ስትጫኑ ዝርዝሩ ይከፈታል። ሁሉንም ማብራት ያምራችኋል፤ አታብሩ። እኔ የምመክረው ጥቂት ነው። በማውስ የምትጫወቱ ከሆነ ሊዮን በማውስ እንዲዞር የሚያደርገውን አብሩ። የካሜራውን ስፋት በትንሹ ጨምሩ፤ አሮጌው ካሜራ ሊዮን ትከሻ ላይ ተለጥፎ ያፍናል። በጌምኪዩብ (ጌሙ መጀመሪያ የወጣበት የኒንቴንዶ መጫወቻ) የነበረውን ብዥታ የሚመልሰውንም አብሩ፣ ለትዕይንቱ ድባብ ይሰጠዋል። ፍሬሙን (በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ብዛት) 60 ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ትልቁ ድንጋይ ሲንከባለልባችሁ ቁልፍ ደጋግማችሁ መምታት አለ። በ60 ፍሬም ይህ ከመጀመሪያው እትም ይከብዳል። ትዊክስ ማስተካከያ አለው፣ መከፈቱን አረጋግጡ። እጃችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ድብደባውን በራሱ እንዲሠራ ማድረግም ይቻላል፤ ማንም አይከሳችሁም።

7. አሁን ተጫወቱ

ላፕቶፑ ከደከመ መጀመሪያ የጥላውን ጥራት ቀንሱ፣ ቴክስቸሩን አትንኩ። ኢርፎን አድርጉ። መንደሩ ውስጥ ሾትገኑ ያለበት ፎቅ ቤት ስትገቡ፣ ፊቱን በጆንያ የሸፈነው ሰውዬ የሞተር መጋዙን አስነሥቶ ይመጣል። ከደረሰባችሁ በአንድ ምት አንገት ይቆርጣል። ሊዮን እየሮጠ መተኮስ አይችልም። ቆማችሁ ታልማላችሁ፣ መጋዙ እየቀረበ ይጮሃል። ጌሙ የሚያስፈራው እዚህ ጋ ነው፣ ሞዱም አልነካውም። ካልቻላችሁ ከገበሬዎቹ እየሸሻችሁ ቆዩ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወልና ሁሉም ትተዋችሁ ይሄዳሉ።

የታመቀውን ፋይል ግን አታጥፉት። ስቲም ላይ የፋይል ማረጋገጫውን ካዘዛችሁ የጌሙን ዋና ፋይሎች መልሶ ያመጣና ሞዱን ይደመስሰዋል። ያኔ ከ4ኛው እርምጃ ትጀምራላችሁ፣ ማውረዱን ግን አትደግሙም።