አሜሪካ ውስጥ ሜዲካል አሲስታንት ሆኖ ሥራ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

በጤናው ዘርፍ መሥራት ፈልጋችሁ የነርሲንጉ ዓመታትና ወጪ ካስፈራችሁ፣ ሜዲካል አሲስታንትነትን አስቡበት። ሥልጠናው በአብዛኛው ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ይፈጃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው በሜይ 2024 የሙያው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 44,200 ዶላር ነበር፤ ግማሹ ሠራተኛ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ሀብታም አያደርግም። ግን ሥራው አለ፤ ቢሮው ራሱ ከ2024 እስከ 2034 በ12 በመቶ ያድጋል ብሎ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

ታካሚውን ጠርታችሁ ታስገባላችሁ። ግፊት፣ ሙቀት፣ ክብደት ትለካላችሁ፤ የሚወስደውን መድኃኒት ጠይቃችሁ ኮምፒውተር ላይ ታስገባላችሁ። ሐኪሙ ሲያዝ ክትባት ትሰጣላችሁ፣ ደም ትቀዳላችሁ፣ የልብ ምርመራ (ኢኬጂ) ታነሳላችሁ። በመሃል ስልክ ይጮኻል፣ ቀጠሮ መያዝ አለ። የማይፈቀድላችሁ ደግሞ በሽታ መለየት፣ የላብራቶሪ ውጤት መተርጎም፣ መድኃኒት መምከር ነው። የአገር ሰው አግኝቷችሁ «እስኪ አንቺ እይልኝ፣ ምን ይላል?» ቢላችሁም መልሱ ያው ነው፦ ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ወረቀታችሁን አስተካክሉ

የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ይጠየቃል። ከአገር ቤት የመጣውን ትራንስክሪፕት ትምህርት ቤቱ በሚቀበለው ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሙ። ወረቀቱ ከጠፋ ወይም ማስላክ ካልተቻለ ጂኢዲ የተባለውን የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ተተኪ ፈተና መፈተን ይቻላል፤ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት፣ 4 ፈተና ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ክትባትንም አሁኑኑ ጀምሩ። በተለመደው አሰጣጥ 3 ጊዜ፣ በ6 ወር ውስጥ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ክሊኒክ ልምምድ ልትገቡ ስትሉ ከጀመራችሁት ሊያስቀራችሁ ይችላል። የቲቢ ምርመራና የወንጀል መዝገብ ማጣሪያም አይቀርም።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ አትቸኩሉ

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ ረጋ በሉ። ማስታወቂያው «በጥቂት ሳምንት ትመረቃላችሁ፣ ሥራ እናስቀጥራችኋለን» ሲል ወዲያው አትመዝገቡ። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ካሄፕ (ሲ-ኤ-ኤ-ኤች-ኢ-ፒ) ወይም ኤብሄስ (ኤ-ቢ-ኤች-ኢ-ኤስ) በሚባሉት አካላት እውቅና አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አፍ ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ከሁለቱ አካላት ድረ ገጽ አረጋግጡ። ይሄ ጥያቄ ለምን ይጠቅማል፣ ሲኤምኤ የተባለውን የታወቀ ፈተና ለመውሰድ ዋናው መንገድ እውቅና ካለው ፕሮግራም መመረቅ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ልምምዱ የት እንደሆነና ማን እንደሚያገኝላችሁ ጠይቁ። «ክሊኒኩን ራሳችሁ ፈልጉ» ካሏችሁ እኔ ብሆን ሌላ ትምህርት ቤት አያለሁ። ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሰጥ ካለም እንዲሁ፣ መርፌ በቪዲዮ አይለመድም። መጽሐፉ፣ ዩኒፎርሙና የፈተናው ክፍያ ዋጋው ውስጥ ይኑር አይኑር በጽሑፍ ይስጧችሁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ ከግል ትምህርት ቤት በጣም ይረክሳል። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ስደተኛ ሆናችሁ የገባችሁ ወይም አሳይለም የተፈቀደላችሁ ከሆነ ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል መንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሙሉ፤ ከተፈቀደላችሁ ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። ብድር ከመፈረም በፊት ይሄን መሞከር ግድ ነው።

እጃችሁን አሠልጥኑ

ንድፈ ሐሳቡን ማታ ማታ ማጥናት ይቻላል፤ እጅ ግን በድግግሞሽ ብቻ ነው የሚሠለጥነው። ግፊት መለካት ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎች ሲቸኩሉ ያበላሹታል። ታካሚው 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይረፍ። ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱ በልቡ ከፍታ ይሁን፣ እያወራ አይለካ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ከጠበበ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል፣ እናም ሰውዬው ለማያስፈልገው መድኃኒት ሊዳረግ ይችላል።

ደም ስትቀዱ ሙሉ ስምና የትውልድ ቀን ራሱ ታካሚው ይንገራችሁ፤ እናንተ ስም ጠርታችሁ «አዎ» እንዲል አትጠብቁ። ክንዱ ላይ ያሰራችሁትን ማሰሪያ ከ1 ደቂቃ በላይ አታቆዩ። የቱቦዎቹ ቅደም ተከተልም እንዲሁ ለሽምደዳ የተፈጠረ አይደለም፦ ለደም ካልቸር (ደም ውስጥ ጀርም መኖሩን ለማየት የሚደረግ ምርመራ) የሚሆነው ካለ እሱ ይቀድማል፣ ከዚያ ሰማያዊ ክዳን፣ ቀይ ወይም ወርቃማ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ በመጨረሻ ግራጫ። ሐምራዊው ውስጥ ያለው ኬሚካል ፖታሲየም ስላለበት፣ ቀድማችሁ ከቀዳችሁት ጥቂቱ ወደ ሚቀጥለው ቱቦ ይሻገርና የታካሚው ፖታሲየም ከፍ ያለ ይመስላል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ተራውን አይረሳም። ስም መለጠፍ ደግሞ እዚያው ታካሚው ፊት ነው፣ በኋላ አይደለም።

ልምምዱ እንደ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነው

ካሄፕ እውቅና በሰጣቸው ፕሮግራሞች ልምምዱ ቢያንስ 160 ሰዓት ሲሆን ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ያለ ክፍያ መሥራት ለቤተሰብ አስተዳዳሪ ከባድ ነው፣ ስለዚህ የእነዚያን ሳምንታት ወጪ ቀድማችሁ አስቡበት። ክሊኒኩ ግን እያያችሁ ነው። ሰዓት አክብሩ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ሥራ ሲጠፋ ክፍል አጽዱ፣ ዕቃ ሙሉ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኘው ከተለማመደበት ቦታ ነው። ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ኃላፊዋን «ክፍት ቦታ ካለ ማመልከት እፈልጋለሁ» በሏት፤ ዝም ብላችሁ አትውጡ።

ፈተናና ሥራ ፍለጋ

አብዛኛው ስቴት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዋሽንግተን ስቴትን የመሰሉ ግን ይጠይቃሉ። ቀጣሪዎች ደግሞ ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ። ሲኤምኤ 200 ጥያቄ በ160 ደቂቃ ነው። ሲሲኤምኤ የተባለው ሌላው የሰርተፍኬት ፈተና 180 ጥያቄ በ3 ሰዓት ሲሆን ነጥብ የሚያዘው በ150ው ነው። የቱን ልውሰድ ካላችሁ፣ በአካባቢያችሁ የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን አንብቡና በብዛት የሚጠሩትን ምረጡ። የሲፒአር (ልቡ ወይም ትንፋሹ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ) ካርድም ያዙ፣ በየ2 ዓመቱ ይታደሳል።

ሬዙሜያችሁ ላይ «ታታሪ ነኝ» ከማለት የምትችሉትን ጻፉ፦ ደም መቅዳት፣ ኢኬጂ፣ ክትባት፣ የሠራችሁበት የኮምፒውተር ሥርዓት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ መቻላችሁንም አስገቡ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቋንቋ ቻላችሁ ተብሎ የሕክምና ንግግር በዘፈቀደ አታስተርጉሙ፤ ለዚያ ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብ የፌዴራሉ ደንብ ያዛል። መሥሪያ ቤታችሁ የቋንቋ ብቃት ፈተና ካለው ተፈትናችሁ እለፉና በሥርዓቱ ሥሩ።

አገር ቤት ነርስ የነበራችሁ፣ ይሄን እየሠራችሁ ማስረጃችሁን የውጭ አገር ነርሶችን ማስረጃ በሚገመግመው ትሩሜሪት (በቀድሞ ስሙ ሲጂኤፍኤንኤስ) ማስገምገሙን ጎን ለጎን አስኪዱት። ለሌሎቻችሁም የእድሳት ቀን አይረሳ፦ ሲሲኤምኤ በ2 ዓመት፣ ሲኤምኤ በ60 ወር።