የሩጫ ፎርም ላስተካክል ብላችሁ እግራችሁን እንዳትጎዱ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የዛሬ ወር ተኩል አካባቢ አንድ ልጅ ቅልጥሙን ይዞ እያነከሰ መጣ። ሩጫ ከጀመረ ገና አራት ወሩ ነው። ምን ሆንክ ስለው «ኮች፣ ፍጥነት ልጨምር ብዬ እርምጃዬን ሳረዝም ነው» አለኝ። ይቺን መልስ ስንቴ እንደሰማኋት! ጀማሪዎችን ማሰልጠን ከጀመርኩ አስር አመት ሊሞላኝ ነው፣ ሰዉ ይቀያየራል ስህተቱ ግን ያው ነው፣ እና ለእያንዳንዱ ከማስረዳ በቃ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው።

እግርን ወደፊት መወርወር

ዋናው ይሄ ነው፣ ሌላውን ዘላችሁ ይሄን ብቻ ብታነቡ እንኳ አልቀየማችሁም። ፈጣን ሯጭ ቲቪ ላይ ስታዩ እርምጃው ረጅም ነው፣ እውነት ነው። ግን የረዘመው እግሩን ወደፊት ስለዘረጋ አይደለም እኮ፣ ከኋላ መሬቱን ገፍቶ አየር ላይ ስለሄደ ነው። ጀማሪው መግፋቱን አያይም፣ ርቀቱን ብቻ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ እግሩን ዘርግቶ ጉልበቱን ገትሮ ከሰውነቱ ፊት ርቆ ያርፋል። ይሄ ማለት በየእርምጃው ፍሬን መያዝ ነው! ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሬን የምትረግጡ ከሆነ ፍጥነቱ ከየት ይመጣል? ደግሞ አንድ እግር መሬት ሲነካ ከክብደታችሁ 2 እስከ 3 እጥፍ የሚሆን ኃይል ነው የሚቀበለው፣ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 1000 እርምጃ ይረግጣል፣ እናንተው አባዙት። ጉልበት ትንሽ ታጥፎ እግር ወደ ዳሌ ቀርቦ ሲያርፍ ጡንቻ ያን ኃይል ይውጠዋል። ተገትሮ ሲያርፍ ግን ቅልጥምና ጉልበት ናቸው የሚከፍሉት።

ራሳችሁን ለማየት ስልክ ይበቃል። ጓደኛችሁ ስልኩን በዳሌ ቁመት ይዞ ከጎን በስሎው ሞሽን ይቅረፃችሁ፣ ከዛ እግራችሁ መሬት የሚነካበት ቅፅበት ላይ አቁሙት። ቅልጥማችሁ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይ ለቀጥ የቀረበ ከሆነ ጥሩ ነው። አንዷን ልጅ እንደዚህ ቀርጬ ሳሳያት ዝም ብላ ቀረች፦ ተረከዟ መሬት ነክቷል፣ የጫማዋ ጫፍ ወደ ሰማይ ተቀስሯል፣ ጉልበቷ ዱላ መስሏል፣ ተረከዟ ከዳሌዋ ወደ አንድ ክንድ ያህል ቀድሟል። እሷ ግን «እየበረርኩ ነው የሚመስለኝ» ነበር የምትለው። ሰው የሚሰማውና የሚሰራው አንድ አይደለም፣ ለዛ ነው ቪዲዮ ቪዲዮ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ።

መፍትሄው እግርን ማሳጠር ላይ ማሰብ አይደለም፣ እንደዛ ስታስቡ ትደርቃላችሁ። እርምጃ ቁጠሩ። ቀኝ እግራችሁን ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት፣ የደቂቃው ቁጥር ይመጣላችኋል። 160 ከሆነ ወደ 168 ውሰዱት፣ ማለትም 5 በመቶ ጨምሩ፣ ከ10 በመቶ በላይ ግን በአንዴ አትሂዱ። ፔሱን ሳትጨምሩ ነው ታዲያ፣ ፍጥነቱ ያው ሆኖ እርምጃው ሲበዛ እግሩ ራሱ ወደ ሰውነት ይቀርባል። ሜትሮኖም አፕ (እኩል ምት እየጠበቀ ቲክ ቲክ የሚል) ከፍታችሁ በየ5 ደቂቃው 1 ደቂቃ ብቻ ከድምፁ ጋር ሩጡ። መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥራል፣ የሆነ የሰው እግር ተውሳችሁ የምትሮጡ ይመስላችኋል፣ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል።

180 መሆን አለበት የሚሉ አሉ። ቁጥሩ የታወቀው አሰልጣኝ ጃክ ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ የሯጮችን እርምጃ ቆጥሮ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም 180 እና ከዛ በላይ መሆናቸውን ካየ በኋላ ነው። ውድድር ላይ ያሉ የዓለም ምርጦች ናቸው እነዛ! በሶምሶማ ፍጥነት የሚሮጥ ረጅም ሰው 180 ካልሞላሁ ብሎ ቢጨነቅ ከንቱ ድካም ነው። ከራሳችሁ ቁጥር ተነሱ።

በአንድ ሌሊት በእግር ጣት ሯጭ መሆን

ይሄን እኔም ሰርቼዋለሁ። ከአመታት በፊት በተረከዝ ማረፍ መጥፎ ነው ሲባል ሰማሁና በማግስቱ በመዳፌ የፊት ክፍል፣ በጣቶቼ በኩል እያረፍኩ 12 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። ስሮጥ ደስ ሲል፣ ቀለል አለኝ። በነጋታው ደረጃ መውረድ አቃተኝ፣ ግድግዳ ተደግፌ በጎን ነው የወረድኩት። ባቴ ነው ያልፋል ብዬ ቀጠልኩ። በሶስተኛው ሳምንት አኪለሴ (ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘው ወፍራም ጅማት) አበጠ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹ አስር እርምጃዎች እንባ ያመጡ ነበር፣ አምስት ወር በላብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ በጣት በኩል ማረፍ ጫናውን አያጠፋውም፣ ቦታ ነው የሚያስቀይረው። ከጉልበት ይነሳና ባትና አኪለስ ላይ ይወርዳል። ጡንቻ ቶሎ ይለምዳል፣ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል፣ እና ባታችሁ ስላላመማችሁ ብቻ አኪለሳችሁ ተዘጋጅቷል ማለት አይደለም። በተረከዝ አርፈው ጥሩ ሰዓት የሚያመጡ ሯጮች ሞልተዋል። እግር ከሰውነት ርቆ ካላረፈ በየትኛው በኩል ቀድሞ ነካ የሚለው ያን ያህል አያሳስበኝም።

እዚህ ላይ ሁሌ አበበ ቢቂላን ይጠሩብኛል። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው 2:12:11 ገብቶ የዓለም ሪከርድ የሰበረው። ባዶ እግሩን ሲሮጥም የለመደ እግር ነበረው፣ እናንተ ትናንት ከወፍራም ሶል ነው የወረዳችሁት።

የሰው እጅ መኮረጅ

ኃይሌ ገብረስላሴ ሲሮጥ ግራ እጁ እጥፍ እንዳለች ነው፣ ልጅ ሆኖ ደብተር ይዞ ትምህርት ቤት ሲሮጥ የቀረበት ልማድ ነው። በዛችው እጅ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሮጠ። የቼኮዝሎቫኪያው ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ ደግሞ ፊቱን አጨማዶ አንገቱን እያወዛወዘ በ1952 ሄልሲንኪ 5000፣ 10000 እና ማራቶንን በአንድ ኦሎምፒክ ጠራርጎ ወሰደ። ስለዚህ ስታዩት የማያምር ነገር ሁሉ ስህተት አይደለም፣ የማይጎዳችሁን አትነካኩት። እጅ ላይ የማርመው አንድ ነገር ነው፣ ክንዳችሁ ደረታችሁን አቋርጦ ወደ ሌላኛው ጎን ከሄደ ወገባችሁ ይጠመዘዛል፣ ክርናችሁን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ወደፊት ራሱ ይመለሳል። ጡጫ መጨበጥም ይቅር፣ ትከሻ ድረስ ያደርቃል።

ከወገብ ማጎንበስ፦ ወደፊት ዘንበል በሉ ሲባል ከቁርጭምጭሚት ነው፣ ከወገብ አይደለም።

አራት ነገር በአንዴ መቀየር፦ አንዱን ያዙ፣ ለአንድ ወር ሌላውን እርሱት።

ደክሞ ፎርም መለማመድ፦ ከረጅም ሩጫ በኋላ እግር ሲዝል የምትለማመዱት የዛለውን አሯሯጥ ነው። ሳትደክሙ፣ ከዋርም አፕ በኋላ፣ ከ80 እስከ 100 ሜትር ከ4 እስከ 6 ጊዜ እያፋጠናችሁ ሩጡ፣ በመሃል በእርምጃ ተመለሱ።

ድክመትን ፎርም ነው ብሎ ማሰብ

ጉልበቴ ወደ ውስጥ ይገባል ምን ላስብ የሚሉኝ አሉ። ማሰብ አይረዳም! መስታወት ፊት በአንድ እግራችሁ ቆማችሁ ጉልበታችሁን ቀስ አድርጋችሁ እጠፉ። የተነሳው እግር በኩል ያለው ዳሌ ወደታች ከወረደና የቆማችሁበት ጉልበት ወደ ውስጥ ከተንሸራተተ ምናልባት የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻ ነው የደከመው፣ ቀስ ስትሉ ያልያዘው እግር ስትሮጡ እንዴት ይያዝ? በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ እግር ስኳት፣ ድልድይ (በጀርባ ተኝቶ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ማንሳት)፣ እና በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝ ማንሳት ስሩ። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አኪለሴን ያዳነኝ ይሄ ተረከዝ ማንሳት ነው፣ እስካሁንም አልተውኩትም።

ህመምን በፎርም ለማለፍ መሞከር

ቅልጥም ላይ ያለው ህመም በሰፊው የተዘረጋ ከሆነ ጫና ቀንሱ። በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብላችሁ አጥንቱ ላይ የምታሳዩት ከሆነ፣ ወይ ሌሊት ተኝታችሁም የሚሰማችሁ ከሆነ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። እሱን ቪዲዮም ሜትሮኖምም አያድነውም።

ያ እያነከሰ የመጣው ልጅ ቅልጥሙን በመዳፉ ከላይ እስከታች ነበር የዳበሰልኝ፣ በአንድ ጣት አላሳየም፣ ተመስገን አልኩ። ሁለት ሳምንት አስቆምኩት፣ ከዛ 1 ደቂቃ ሩጫ 1 ደቂቃ እርምጃ እያልን መለስኩት። በፊት 156 ነበር የሚረግጠው አሁን 164 ደርሷል። ትናንት ማታ ቪዲዮ ላከልኝ፣ መሬት ሲነካ አቁሜ አየሁት፣ ቅልጥሙ ቀጥ ብሎ ቆሟል።